ሃያ ሁለቱ የታጠቡ ዶላሮች

ሌዊስቪል፣ ኅዳር 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሽ ከፍያለው፣

ጤናዎን ከእጅ ጽሑፍዎ አየሁት። መስመሩ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው። የብር ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ ብጠይቅዎት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈው ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ከዚህ ወረቀት በላይ ነው። ጆሮዎ ስልክ ቢሰማ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይነግሩኝና እረሳው ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቁኝ፤ ካርቶን የማሽግበትን መጋዘን ትቻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ዳላስ ውስጥ የድሮ ሳንቲም የሚገዛና የሚሸጥ ሱቅ ገብቻለሁ። ባለቤቱ ሚስተር ሃውል ይባላሉ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የተቀጠርኩት በፖስታ የሚላከውን ለማሸግ ነው። ሊቀጥሩኝ የጠሩኝ ቀን ግን ከጠረጴዛው ላይ አንድ ማንኪያ አንስተው «ብር ነው?» አሉኝ። እርስዎ እንደሚያደርጉት በጥፍሬ መታ አድርጌ ሰማሁና «ቅብ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። «ሰኞ ነይ» አሉኝ። ፒያሳ ከብር ሱቅዎ ባንኮኒ ጀርባ የቆምኩበት ስምንት ዓመት እዚህ እንጀራ ሆነኝ።

ማጠቢያውን የጠየቅሁዎት ለዚህ ነበር። እዚህ አገር በኅዳር የምስጋና ቀን የሚባል በዓል አለ። እኔም ሚስተር ሃውልን ማመስገን ፈለግሁ። ከአንዲት ባሏ የሞተባት የከብት አርቢ ሚስት የገዟቸው ሃያ ሁለት የብር ዶላሮች ነበሩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው። ጠቁረዋል፤ ጠርዛቸው እንደ ርግብ አንገት አረንጓዴና ሐምራዊ ይላል። እንደዚያ ሆነው ለደንበኛ ሲያሳዩአቸው ለእሳቸው አፈርኩ። በበዓሉ ዋዜማ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱና ቁልፉን ለእኔ ተዉልኝ።

እርስዎ የጻፉልኝ የወይራ አመድ ከየት ይምጣ? አብራኝ የምትኖረው ህይወት፣ «አመድ? ቴክሳስ ተቀምጠሽ አመድ ቸገረሽ? ግሪሉ ሞልቷል እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። ከአፓርታማችን ግቢ፣ ከሥጋ መጥበሻው ሥር ዘግኜ በስስ ካልሲ ነፋሁት። ሎሚ ጨመቅሁ። በጨርቅ፣ በክብ፣ ቀስ አድርጌ፤ እርስዎ እንዳሉት።

አበሩ፣ ጋሼ። ሃያ ሁለቱም አበሩ። ሚስተር ሃውል ዓርብ ጠዋት ገብተው ትሪውን ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የቀረውን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ሥራ ልገባ ነው፤ መንገዱም በጠዋት ይዘጋል።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣
ስርጉት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ስርጉት፣

በእድሩ ፖስታ ሣጥን የላክሽው ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ያው ነው፤ ሃምሳ ዓመት መዶሻ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ማረፍ ይገባዋል።

«ወንበር ስበው ተቀመጡ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ ለጎረቤት ሱቆች አነበብኩላቸው። ማኑሄን ታውቂዋለሽ፤ ያ የሚወለውለው በኤሌክትሪክ ማሽን ነው እንጂ በእጁ አይደለም። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «አመድህ አሜሪካ ገባ አሉ፤ ቪዛ በምን አገኘ?» ብሎ ጮኸ። «በዲቪ!» አልኩት። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ማኑሄ ግን ዞር ብሎ ስለ ወይራው አመድ ጠየቀኝ። ሠላሳ ዓመት ሲያሾፍብኝ ኖሮ!

እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ። ሱቁ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ሰው የሚገዛው የተዘጋጀውን ከዱባይ የመጣ ዕቃ ነው። እኔም የማውቀው ነገር ከእኔ ጋር ያልቃል ብዬ ነበር።

ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ። ሰውየው ከተቀመጠ በኋላ ምን አለ? ቃሉን፣ እንዳለው ጻፊልኝ። እንዲሁ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው?

ከፍያለው


ሌዊስቪል፣ ጥር 25 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሽ ከፍያለው፣

ገና አልፎ ጥምቀት አልፎ አሁን መጻፌ አሳፍሮኛል። ሥራ በዝቶ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው።

ሚስተር ሃውል ምን አሉ ላሉኝ፤ ብዙ አልተናገሩም። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ስምዎን ነገርኳቸው። ደጋግመው ሞከሩት፤ አሁን «ካፊያሎ» ይሉዎታል።

ከዚያ ወዲህ ደረጃ ማውጣት እያስተማሩኝ ነው። እዚህ ለእያንዳንዱ የድሮ ሳንቲም ከአንድ እስከ ሰባ ቁጥር ይሰጡታል። አንድ ማለት ምን እንደሆነ በጭንቅ የሚለይ፣ ሰባ ማለት በአጉሊ መነጽር እንኳ እንከን የማይገኝበት ነው። ሥልሳና ከዚያ በላይ የሚያገኘው በሰው እጅ ያልተገበያየበት ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ በብር ዶላሩ ላይ ካለችው ሴት ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ ከጀርባው ደግሞ የንስሩ ደረት። ግን ሚስተር ሃውል ከሁሉ በፊት የሚያዩት ብርሃኑን ነው። ከተመታ ጀምሮ ያልተነካ ብር መብራት ሥር ሲያዘነብሉት፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንደ ጋሪ ጎማ ይዞራል። አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ጥቁረቱንም ቆሻሻ አይሉትም። የሳንቲሙ ቆዳ ነው ይላሉ፤ እንዲያውም ቀለሙ ካማረ ይወዱታል። እኔ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ደስ የሚልዎትን ልንገርዎት። ባለፈው ሳምንት ከፎርት ወርዝ አንድ ሰው በ1893 የተመታ ብር ዶላር ይዞ መጣ። ከጀርባው ከቅጠል ጉንጉኑ ሥር «ኤስ» የምትል ትንሽ ፊደል ካለች ሳን ፍራንሲስኮ የተመታ ነው ማለት ነው። በዚያ ዓመት እዚያ የተመታው ጥቂት ስለሆነ አንዱ የመኪና ዋጋ ያወጣል። ፊደሏ አለች። ሚስተር ሃውል ዓይናቸው ደክሟል፤ ሊገዙት እጃቸው ቼክ ላይ ደርሶ ነበር።

«ልየው?» አልኩ። ሰውየው፣ «እሷ ደግሞ ማን ናት?» አለ።

ተነፈስኩበት፣ ጋሼ። የተበየደ የአንገት ሐብል ስንመረምር እንደምናደርገው። ጉሙ ከሌላው ቦታ ሲለቅ በፊደሏ ዙሪያ ብቻ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ቀረ። በአጉሊ መነጽር ስናየው ብየዳው ታየ። ፊደሏ ከሌላ ሳንቲም ተነቅላ የተለጠፈች ናት።

«ማን ናት ላልከው፣» አሉት ሚስተር ሃውል፣ «የብር አንጥረኛ ተማሪ ናት።»

ሰውየው ከአባቴ የወረስኩት ነው ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በልቤ ሳመሰግንዎት ዋልኩ። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ በጠፋበት ቀን፣ እንዲያው ሥራ እንዳልፈታ ብለው ነበር። የግቢ ጎረቤትዎ የወይዘሮ ዓለምጌጥ ጣራስ፣ አሁንም ያፈሳል?

ስርጉት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ስርጉት፣

ጾሙ ዛሬ ገባ። እንኳን አደረሰሽ።

«የብር አንጥረኛ ተማሪ ናት» ያለው አፍ ይባረክ። ያንን ሰው አላውቀውም፤ ግን በማላውቀው አገር ሙያዬን በስሙ ጠራልኝ። እናትሽ በሕይወት ኖራ ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት።

ፈረንጅ ጥቁሩን ይወዳል ያልሽው ግን አልገባኝም። ጥቁሩን ከወደደ የአንቺን ነጭ ሲያይ ለምን ተቀመጠ? ምናልባት ሁለቱም ዓይነት ሰው ይኖር ይሆናል።

የጠየቅሽኝን ሳልረሳ፤ አዎ፣ የወይዘሮ ዓለምጌጥ ጣራ አሁንም ያፈሳል። ባለቤቷ ካረፉ ወዲህ የነካው የለም። አሁን ግን መላ ተገኝቷል። ከአማቷ የቀረ ሥልሳ አራት ማርትሬዛ ብር በማሰሮ ውስጥ አላት። የፋሲካ ሰሞን አንድ ጀርመናዊ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ይመጣል፤ ሊያያቸው ይፈልጋል። ጥሩ ከሸጠች ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ትቀይራለች። «ጋሽ ከፍያለው፣ እንዲህ ጠቋቁረው እንዴት ለእንግዳ ይቀርባሉ?» አለችኝ። የአሜሪካውን ነገር ሰምታለች፤ ያልሰማ ሰው የለም። እኔም አጥብልሻለሁ አልኳት፤ ያለ ዋጋ። ያንን ጀርመን ወንበር ስቦ እንዲቀመጥ አደርገዋለሁ!

ወይራው ተቆርጦ እየደረቀ ነው። በደብረ ዘይት ማግሥት እጀምራለሁ። አንቺ ለሃያ ሁለቱ ስንት ሎሚ ጨረስሽ? የእኔን በዚያ አሰላዋለሁ።

ከፍያለው


ሌዊስቪል፣ መጋቢት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሎሚ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያንብቡ። የወይዘሮ ዓለምጌጥን ማርትሬዛ አያጥቡ። አንዱንም።

ይህን የሚያመጣልዎት ሀሩን የሚባል ያገራችን ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ከዳላስ ይበራል። በፖስታ ብልከው አይደርስም ብዬ፣ አውሮፕላን ጣቢያ የሚሠሩትን ሁሉ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ህይወት፣ «ሶ፣ አንዴ ኮል አድርጊና ገላገይው!» ትለኛለች። ጆሯቸው አይሰማም ስላት፣ «ኦኬ፣ ለሴትየዋ ንገሪያት!» አለች። ሁለት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ። እዚያ የግቢውን ስልክ የሚያነሱት ግን ወይዘሮ ዓለምጌጥ ናቸው። እርስዎ ሳይሰሙ የእርስዎን ሙያ ለደንበኛዎ ማማት ሆነብኝ፤ ዘጋሁት።

በኅዳር መጻፍ የነበረብኝን አሁን እጽፋለሁ።

ሚስተር ሃውል ወንበር ስበው የተቀመጡት ደንግጠው እንጂ ተደስተው አይደለም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነው ያጠባቸው?» አሉ። «እኔ ነኝ፤ የበዓል ስጦታ ነው» አልኩ። እየሳቅሁ ነበር፣ ጋሼ፤ እስከዚያ ድረስ አልገባኝም። «መቶ ሃያ ዓመት ማንም አልነካቸውም ነበር» አሉ። አንዱን አንስተው መብራት ሥር አዘነበሉት። ጎማው አልዞረም። በምትኩ አመዱ የጫረው ጭረት ታየ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ሺህ ጊዜ፣ በክብ። የታጠበ ሳንቲም ደረጃ አይሰጠውም። በቁጥሩ ቦታ «ታጥቧል» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ያ ቃል አይፋቅም። የሃያ ሁለቱም ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ።

ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንዲህ አሉኝ፦

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልሄድ ነው።»

«ታዲያ ነገ ማን ይከፍታል?»

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። ባገቡ ዓመት የአማታቸውን ሳንቲሞች በጥርስ ሳሙና ፈትገው፣ ሰውየው ሁለት ዓመት እንዳላናገሯቸው። «አማቴ ይቅር ያለኝ ልጅ ሲወለድ ነው። አንቺ ያን ያህል መጠበቅ የለብሽም» አሉኝ። ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ የታጠበና አንድ ያልታጠበ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡልኛል። የቱ የቱ እንደሆነ ሳልለይ ሥራ አልጀምርም። መጀመሪያ በነጭነቱ አውቅ ነበር። ኋላ ኋላ ሌሎች በረቀቀ ዘዴ ያጠቧቸውን ያመጡልኝ ጀመር፤ በመድኃኒት የተነከሩ፣ ታጥበው እንደገና በሙቀት የጠቆሩ። አሁን እሳቸው ያመለጣቸውን የምይዝበት ቀን አለ። ከየካቲት ወዲህ ሁለታችንም ለየብቻ ቁጥር እንጽፍና ወረቀቱን አብረን እንገልጣለን። ትናንት ከአሥሩ ስምንቱ ገጠመ።

ይህንን ሁሉ ለምን እንደደበቅሁዎት ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። የእርስዎ አመድ ለመስቀል፣ ለአምባር፣ ለሐብል እስከ ዛሬ ተወዳዳሪ የለውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ «የብር ዕቃ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ ምን እንደማጥብ አልነገርኩዎትም። ደስ ብሎዎት መንገድ ወጥተው እንዳነበቡት ሲጽፉልኝ ደግሞ፣ ያንን ደስታ ከእጅዎ መንጠቅ አቃተኝ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ስል አራት ወር ሆነ። በእኔ ዝምታ የወይዘሮ ዓለምጌጥ ጣራ ሳይቀየር ቢቀር ምን ብዬ እኖራለሁ?

አጥበው ከሆነ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ለሳቸውም እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ካላጠቡ ግን በጠርዛቸው ብቻ ይያዟቸው፤ ፊታቸውን በጣት አይንኩ። እያንዳንዱን ለብቻው በወረቀት ይጠቅልሉ።

ይቅር ይበሉኝ።

ስርጉት


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ስርጉት፣

ሀሩን ደብዳቤሽን ያመጣልኝ መጋቢት 29 ነው። ከአውሮፕላን እንደወረደ እናቱን ሊያይ ጅማ ሄዶ ነበር። እናቱ ከሁለት ሳምንት በፊት አልለቅም አሉት። አልፈርድበትም። ግን ደብረ ዘይት ካለፈ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር።

አይዞሽ። አላጠብኩም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። በታኅሣሥ፣ ሰውየው ምን አለ ብዬ ጠየቅሁሽ። ያልጠየቅሁሽን ሁሉ መለስሽልኝ፤ የሴትየዋን ፀጉር፣ የንስሩን ደረት፣ የጋሪውን ጎማ። ያንን አንዱን ግን አልመለስሽም። ሃምሳ ዓመት ደንበኛ አይቻለሁ። የወደደ ሰው አፉ አይዘጋም። ያልወደደ ሰው «ጥሩ ነው» ብሎ ስለ ዝናቡ ያወራሻል። መጀመሪያ ደስታዬ ጋረደኝ፤ ለወይዘሮ ዓለምጌጥም ቃል ሰጠሁ። ወይራውን አቃጥዬ አመዱን ስነፋ ግን እጄ ቆመ። ይህች ልጅ ምን ደበቀችኝ? አልኩ።

እኔም ከሠርጌ የቀሩ ሁለት ማርትሬዛ አሉኝ። አንዱን አጠብኩ፣ አንዱን ተውኩ። መስኮት ሥር ይዤ፣ አንቺ እንዳልሽው አዘነበልኩ። ያልታጠበው ጥቁር ነው፤ ብርሃኑ ግን ከሥር ይንቀሳቀሳል። የታጠበው ያበራል፣ ግን የትም አይሄድም፤ እንደ ቆርቆሮ። አጉሊ መነጽሬን አመጣሁ። ጭረቱን አየሁት። ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንን ጭረት ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን አላየሁትም። ደንግጬ ተቀመጥኩ። ሚስተር ሃውል ለምን እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ገባኝ። ደብዳቤሽ ሲመጣ የማውቀውን ነው ያነበብኩት፤ ቢሆንም ስለጻፍሽው አመሰገንኩሽ። ሳይጽፉ መቅረት ይቀል ነበር።

ለወይዘሮ ዓለምጌጥ በዚያው ሳምንት ማሰሮዋን እንዳለ መለስኩላት። እሷ ስትጮህ እኔ ስጮህ ግቢው ሁሉ ሰማን።

«ምነው፣ አላጠቧቸውም እንዴ?»

«አላጥባቸውም።»

«ዝም ብለው ነው እንዲህ ደስ ያሰኙኝ? ሃምሳ ዓመት ያገኙትን ሁሉ ሲያጥቡ ኖረው የእኔ ሲደርስ ደከመዎት?»

«ስርጉት ከልክላኛለች።»

«የትኛዋ ስርጉት? እርስዎ ጋ ቆማ ትሸጥ የነበረችው?»

«እሷው ናት።»

«እና አሁን እሷን ነው የሚሰሙት?»

«በጆሮዬማ ማንንም አልሰማም» አልኳት። ሳቀችና ማሰሮውን ተቀበለችኝ። የከለከልሽኝ በቃል አይደለም፤ ግን ለእሷ ያንን ማስረዳት ረጅም ነው። ሀሩን ከመጣ በኋላ ደግሞ ሥልሳ አራቱንም በወረቀት አብረን ጠቀለልናቸው። በጠርዝ በጠርዝ እየያዝን። ጀርመኑ ገና አልመጣም። ይግዛ አይግዛ አላውቅም፤ ግን የሚያየው ያልተነካውን ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሻል። ግማሹን ብቻ ወስደሻል። «የብር ዕቃ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ምን ዓይነት ዕቃ ብዬ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። ተማሪ ሳይሆን አስተማሪ ነው መጠየቅ ያለበት። ስለዚህ ከታች ያለው ለሚስተር ሃውል ነው። አንቺ ወደ ቋንቋው መልሺና ንገሪው።

«ጌታዬ፣ ያን አመድ እንዴት እንደሚሠራ የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለቱ ብሮች የተበላሹት በእኔም እጅ ነው። ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እኔ ልጅቷን ስምንት ዓመት ሳስተምራት ስትሳሳት እቆጣት ነበር፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ቀለበት ብዬ አስለቅሻታለሁ። እርስዎ ይህን ያህል ጥፋት አይተው ነገ ማን ይከፍታል አሏት። ይህን ከእርስዎ ተምሬአለሁ። በእኔ ዕድሜ አዲስ ነገር ያስተማረኝን ሰው ሳላመሰግን መቅረት አልወድም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

የተቆጣሁሽንም፣ ያስለቀስኩሽንም አትዝለዪ። ሁሉንም፣ አንድ ሳታስቀሪ ንገሪው።

ከፍያለው